ሮም የሚሄድ ሰው አባ ተስፋ ጽዮንን ሳይጠይቅ አይመለስ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በጉዞ ዓምዳችሁ ላይ ስለ ጣልያን ከተሞች የወጣውን ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ኮሎሲየም አለ፣ የትሬቪ ፏፏቴ አለ፣ የቬኒስ ጀልባ አለ። ለሚሄድ ሰው የሚጠቅም ጽሑፍ ነው። ስለ እኛ ግን አንዲት መስመር የለበትም። በእነዚያ ከተሞች የእኛ ሰዎች ከአምስት መቶ ዓመት በፊት ተመላልሰዋል። ኖረዋል፣ መጽሐፍ አሳትመዋል፣ እዚያው ተቀብረዋል። አሻራቸው ዛሬም በእግር ተሂዶ የሚታይ ነው። አንባቢዎቻችሁ ይህንንም ቢያውቁት ብዬ ነው የጻፍኩት። ዓመቶቹን የማስቀምጠው፣ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

እኔ ማተሚያ ቤት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ሥራዬ ፊደል ለቀማ ነበር፤ ከእርሳስ ማዕድን የተሠሩ ፊደላትን አንድ በአንድ እየለቀሙ ለሕትመት መደርደር ማለት ነው። በእርሳስ ፊደል ጀምሬ በኮምፒውተር ጨረስኩ። አብሮ አደጌ ደግሞ እዚያው ማተሚያ ቤት ጠራዥ ነበር። በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል ወጥቶ ሮም ገባ። እዚያው ሠርቶ፣ ወልዶ ከብዶ፣ እሱም ጡረታ ወጣ። ባለፈው ጥቅምት «ጉልበታችን ሳይከዳን ና፣ አብረን እንየው» ብሎ ጠራኝ። ሮምን፣ ፍሎረንስንና ቬኒስን አብረን ዞርን።

ቫቲካን የሚሄድ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚሮጠው የሲስቲንን ጣሪያ ለማየት ነው። የእኔ ልብ የነበረው ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ ካለችው ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ላይ ነው። ሳንቶ ስቴፋኖ ዴሊ አቢሲኒ ይሏታል፤ የሐበሾቹ ቅዱስ እስጢፋኖስ። ጳጳስ ሲክስጦስ አራተኛ በ1479 ለኢትዮጵያውያን መነኮሳት የሰጧት ናት። ከኢየሩሳሌም ተነስቶ፣ ባሕር ተሻግሮ ሮም የሚደርስ ኢትዮጵያዊ ተሳላሚ የሚያርፈው እዚያ ነበር።

እንደ ልብ የሚገባባት ቦታ አይደለችም። በቫቲካን ቅጥር ውስጥ ስለሆነች ቀድሞ ማስፈቀድ ያስፈልጋል። ጓደኛዬ አንድ የሚያውቀውን ካህን ቀደም ብሎ አነጋግሮልኝ ነበር። የስዊስ ዘበኞቹ ስማችንን ከወረቀት አይተው አሳለፉን። ከዚያ ትልቅ ባዚሊካ አጠገብ ስታያት እጅግ ትንሽ ናት። ፊቷ ላይ ጌጥ የለም። በሯ ግን የ12ኛው ክፍለ ዘመን እብነ በረድ ነው። ዙሪያውን ሐረግ ተቀርጾበታል፣ መስቀልና በግም አለበት። ጓደኛዬ ቅጠሉን እያየ ዝም ብሎ ቆየና «ይሄ እኮ የብራና ሐረግ ነው» አለኝ። ዕድሜውን ከመጽሐፍ ጋር ያሳለፈ ሰው ነውና ዓይኑ ሌላ ነገር አልመጣለትም። እኔም ሳየው የዳዊት መግቢያ ገጽ መሰለኝ።

ውስጥ አባ ተስፋ ጽዮን የተቀበሩበት ድንጋይ አለ። በላቲንም በግዕዝም ተጽፎበታል። እኚህ ሰው የደብረ ሊባኖስ መነኩሴ ነበሩ። በኢየሩሳሌም በኩል አድርገው ሮም የገቡት በ1530ዎቹ ነው። በ1548 ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ ማሳተም ጀመሩ፤ በ1549 ጨረሱት። በግዕዝ የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ ግን ከዚያ ይቀድማል። እሱም ሮም ውስጥ ነው፤ በ1513 የታተመው መዝሙረ ዳዊት። ዮሐንስ ፖትከን የሚባል ከጀርመን አገር ከኮሎኝ የመጣ ካህን የእኛን መነኮሳት በዚያችው ቤተ ክርስቲያን ሲዘምሩ ሰማ። ቋንቋውን የከለዳውያን መስሎት ከነሱ እግር ሥር ቁጭ ብሎ ተማረ፣ መጽሐፉንም አሳተመ። አገራችን ውስጥ ማተሚያ መሣሪያ ሥራ የጀመረው ከዚያ ስንት መቶ ዓመት ቆይቶ ነው።

በዚያ ድንጋይ ፊት ስቆም የተሰማኝን በእርሳስ ፊደል የለቀመ ሰው ይረዳኛል። የላቲን ለቃሚ ሃያ ምናምን ፊደል ይዞ፣ ትልቁንና ትንሹን ለይቶ ይሠራል። የግዕዝ 26 ፊደላት በሰባት ሲባዙ 182 ናቸው። ዲቃሎቹ፣ ቁጥሮቹና ነጥቦቹ ሳይቆጠሩ ማለት ነው። ለእያንዳንዱ የራሱ መደብ ያስፈልገዋል። እርሳሱ ላይ ደግሞ ፊደሉ የተገለበጠ ነው፤ የምታነበው ከኋላ ወደ ፊት ነው። «ሉ»ን ከ«ሊ» የምትለየው በአንዲት ቅጥል ነው። ካዕቡ ወገቡ ላይ ነው፣ ሣልሱ እግሩ ላይ። እጅህ ካልለመደ ቀኑን ሙሉ ስትሳሳት ትውላለህ።

የአባ ተስፋ ጽዮንን ሐዲስ ኪዳን የለቀሙት አንድም የግዕዝ ፊደል የማያውቁ የሮም ሠራተኞች ናቸው። ማንበብ የሚችሉት መነኮሳት ደግሞ የሕትመት ሥራ አያውቁም። ይህንኑ በመጽሐፉ ውስጥ ጽፈው አንባቢን ይቅርታ ጠይቀዋል። የለቀሙት ማንበብ አይችሉም፣ እኛም መልቀም አናውቅም፤ ዕውር ዕውርን እንደሚመራ እነሱ እኛን ረዱ፣ እኛም እነሱን ረዳን፤ ስሕተቱን ይቅር በሉን የሚል ነው ሐሳቡ። እኔ በሥራ ዘመኔ የለቀምኩት የእርምት ማስታወሻ ስፍር ቁጥር የለውም። እንዲህ ያለ ግን አላየሁም። ከ470 ዓመት በላይ ያለፈው ሰው ጎኔ ቆሞ ፕሩፍ የሚያርም ያህል ነው የተሰማኝ። ጓደኛዬ ባርኔጣውን አውልቆ አቡነ ዘበሰማያት ደገመ። እኔም ተከተልኩት።

እዚያው ማረፊያ ቤት ነው ኢትዮጵያዊው ሊቅ አባ ጎርጎርዮስ በ1649 ከጀርመናዊው ሊቅ ከኢዮብ ሉዶልፍ ጋር የተገናኙት። ከዚያ ትውውቅ የተነሳ ሉዶልፍ በ1698 የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ። አውሮፓ አማርኛን ያወቀችው በዚያች ግቢ በኩል ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ከግቢው ወጥታችሁ ወደ ባዚሊካው ስትዞሩ ደግሞ መሃለኛውን የነሐስ በር ልብ ብላችሁ እዩት። በስተቀኝ ያለው ቅዱስ በር ስለሚባል ሰው ሁሉ ወደዚያ ነው የሚጎርፈው። መሃለኛውን የሠራው ፊላሬቴ የሚባል የፍሎረንስ ሰው ነው፤ የተጠናቀቀው በ1445 ነው። በትልልቆቹ ምስሎች መካከል ቀጠን ቀጠን ያሉ ቅርጾች አሉ። ከነዚያ ውስጥ ወደ ጳጳሱ የመጡት የኢትዮጵያ መነኮሳት ይገኛሉ። እኛ ፈልገን እስክናገኛቸው ከኋላችን ስንት ቡድን መጥቶ እንደሄደ።

ሮምን ስታይ ግን ይህ ብቻ አይደለም የሚያጋጥምህ። ጓደኛዬ የሚኖረው ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ብዙ ሳይርቅ ነው። ከጣቢያው ፊት ለፊት ያለው አደባባይ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ይባላል። አምስት መቶዎቹ በጥር 1887 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር የወደቁት የጣልያን ወታደሮች ናቸው። ራመድ ስትል አንድ የግብፅ ሐውልት ለነሱ መታሰቢያ ቆሞ፣ የሟቾቹ ስም ተዘርዝሮበት ታገኛለህ። ዘርአይ ደረስ በ1938 ጎራዴ የመዘዘው እዚሁ አካባቢ ነው። ጓደኛዬ በዚያ በኩል ስንት ዓመት ሥራ ተመላልሶበታል። የኛም የኤርትራም ልጆች ዛሬም የሚቃጠሩት እዚያው ተርሚኒ ነው።

«የፈጀንን አገር ገንዘብ ከፍለህ ትጎበኛለህ ወይ?» ያሉኝ ወዳጆች አሉ። አልተቀየምኳቸውም። የእናቴ ወንድም የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ከቤት እንደወጣ አልተመለሰም። እናቴ እስክትሞት ድረስ በዓመቱ ሻማ ታበራለት ነበር። ይህን ይዤ ነው የሄድኩት። እንዲያውም ከሄድኩ በኋላ የበለጠ ታወሰኝ። በሳን ጆቫኒ በኩል ስናልፍ የአምባ አራዳም መንገድ የሚል ጽሑፍ አየን። አምባ አራዳም በ1936 የመርዝ ጋዝ የዘነበበት ተራራ ነው። በዚያ መንገድ የሚያልፈው ሕዝብ ስሙ ከየት እንደመጣ ያስብ ይሆን ብዬ ጓደኛዬን ጠየቅኩት። «ልጆቹ አያውቁትም፣ እኔ ግን ባለፍኩ ቁጥር አነበዋለሁ» አለኝ።

ከዚያ በእግራችን ፖርታ ካፔና ወረድን። የአክሱም ሐውልት ከ1937 ጀምሮ የቆመው እዚያ ነበር። በ2005 አገሩ ገባ፣ በ2008 አክሱም ላይ ተተከለ። አሁን በቦታው ለመስከረም 11ዱ የአሜሪካ ሟቾች መታሰቢያ የሆኑ ሁለት ዓምዶች ቆመዋል። አጠገቡ ያለው የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ሕንፃ ለጣልያን የአፍሪካ ቅኝ ግዛቶች ሚኒስቴር ተብሎ የተጀመረ ነው። አበበ ቢቂላ በመስከረም 1960 ማታ፣ በባዶ እግሩ፣ ያኔ እዚህ በቆመው በአክሱም ሐውልት አጠገብ ነው ያለፈው። አጠገቡ የነበረውን ሞሮኳዊ ጥሎት የሄደውም እዚያ አካባቢ ነው። በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ የኮንስታንቲኖስ ቅስት ሥር ገባ። ከፖርታ ካፔና እስከ ቅስቱ ድረስ ቀጥ ያለ፣ ዛፍ ያጠላው መንገድ ነው። እኛ ቀስ እያልን ሄድነው። ኮሎሲየም ልትሄዱ ካላችሁ በዚህ በኩል ሂዱ። ከሜትሮ ወጥቶ ፎቶ ተነስቶ ከመመለስ ይሻላል።

ወደ ፍሎረንስ በፈጣኑ ባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ነው የሚፈጀው። የባቡር ጣቢያው ስም ሳንታ ማሪያ ኖቬላ ነው፤ ስሙን ያገኘው ከጎኑ ካለው ቤተ ክርስቲያን ነው። በ1441 ከኢየሩሳሌም የመጡት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት በዲያቆን ጴጥሮስ መሪነት በፍሎረንስ የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ፊት ሲቀርቡ፣ ጳጳስ ኤውጄንዮስ አራተኛ የሚቀመጡት በዚያ ገዳም ነበር። ስለዚህ የፍሎረንስ መንገደኛ ከባቡር እንደወረደ ታሪኩ ደጃፍ ላይ ነው ያለው።

ጉልላቱን ስናይ ደግሞ ይህንኑ አሰብን። ብሩኔለስኪ ያንን የካቴድራል ጉልላት በ1420 ጀምሮ በ1436 ነው የዘጋው። ከሥር የሚደግፍ የእንጨት ቅስት ሳይጠቀም፣ ጡቡን አንዱን በአንዱ እያቆላለፈ። የእኛ መነኮሳት የደረሱት ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። ጫፉ ላይ ያለው የእብነ በረድ ፋኖስ እንኳ ገና አልተሠራም ነበር። ያንን አዲስ ጡብ ሲያዩ ምን ተባብለው ይሆን? ጓደኛዬ 463ቱን ደረጃ እወጣለሁ ብሎ ወጣ። እኔ ጉልበቴ ስለማይፈቅድ ታች ቡና ቤት ጠበቅኩት። በነገራችን ላይ ቡና ቆማችሁ ባንኮኒው ላይ ጠጡ፤ ከተቀመጣችሁ ዋጋው ሌላ ነው። ረቡዕና ዓርብ ለሚጾም ደግሞ ፒዛ ማሪናራ የሚባል አለ። ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት ብቻ ነው፤ አይብ የለበትም። ምግብ ይቸግረኛል ብላችሁ አትስጉ።

ኡፊዚ ሙዚየም ስትገቡ ኮሪደሩ ላይ ቀና በሉ። ከጣሪያው ሥር፣ ግድግዳውን ተከትሎ፣ ተመሳሳይ መጠን ያላቸው የነገሥታትና የሊቃውንት ሥዕሎች ተደርድረዋል። ቀዳማዊ ኮዚሞ ዴ ሜዲቺ ክሪስቶፋኖ ዴል አልቲሲሞ የሚባለውን ሠዓሊ ልኮ ጳውሎስ ጆቪዮ ከሚባል የታሪክ ጸሐፊ የሥዕል ስብስብ ያስገለበጣቸው ናቸው። ከነዚህ አንዱ ዐፄ ልብነ ድንግል ናቸው። ስማቸው በላቲን ፊደል፣ በጣልያን አፍ ተጣሞ ተጽፏል። አንገታችን እስኪያመን ፈለግን። ጓደኛዬ ነው ያገኛቸው። ያለ ምንም ይሉኝታ «ጃንሆይ! እዚህ ናቸው!» ብሎ ሲጮህ የሙዚየሙ ጠባቂ መጣች። በጣልያንኛ ነገራት። እሷም ቀና ብላ ለረጅም ጊዜ አየች፤ እዚያ ስትሠራ አንድም ቀን ልብ እንዳላለችው ነው የነገረችን። ንጉሡ የግራኝ ጦር አገሩን ሲያነድ በስደት ላይ ሆነው በ1540 አርፈዋል። ሠዓሊው በዓይኑ አይቷቸው አያውቅም። ቢሆንም ከአውሮፓ ነገሥታት ተርታ፣ በእኩል መጠን፣ በእኩል ክፈፍ ተሰቅለዋል። ይህን የትምህርት ቤት ልጆቻችን ቢያዩት እንዴት ደስ ባለኝ።

ቬኒስ ለእኔ የሙያዬ ከተማ ናት። አልዶ ማኑዚዮ የሚባለው አታሚ የሠራው እዚያ ነው፤ ዛሬ ኮምፒውተር ላይ ኢታሊክ ብለን የምናዘነብለው የላቲን ፊደል በ1501 መጽሐፍ ሆኖ የወጣው ከሱ ማተሚያ ቤት ነው። ሳንት አጎስቲን አካባቢ አንድ ቤት ላይ የመታሰቢያ ጽሑፍ ተለጥፎለታል። ጎንዶላ ላይ የሚከፈለውን ስንሰማ ተውነውና እዚያ ሄድን።

የዐፄ ዳዊት መልእክተኞች በ1402 ቬኒስ ደርሰዋል። በቅዱስ ማርቆስ አደባባይ ዳር ባለው የማርቺያና ቤተ መጻሕፍት ደግሞ የፍራ ማውሮ ካርታ አለ። በ1450 ገደማ የተሠራ፣ ሁለት ሜትር የሚጠጋ ክብ ካርታ ነው። ደቡቡ ወደ ላይ ነው። ስለዚህ አፍሪካ ከላይ፣ አውሮፓ ከታች ነው ያለችው። ኢትዮጵያን ስታይ በስም የተሞላች ናት። አባይ አለ፣ አዋሽ አለ፣ ተራራው፣ ከተማው። ሠሪው መነኩሴ ከቬኒስ ደሴት ወጥቶ እኛ አገር አልመጣም። ካርታው ላይ ራሱ እንደጻፈው፣ የዚያ አገር ተወላጅ የሆኑ መነኮሳት በገዛ እጃቸው አውራጃዎቹንና ወንዞቹን ስለውለት ነው። አስቡት እንግዲህ። አንድ የእኛ አገር አባት ቬኒስ ተቀምጦ፣ ቀለም ነክሮ፣ አዋሽ በዚህ በኩል ነው የሚሄደው እያለ ሲያሳየው።

አብዛኛው ጎብኚ የዶጁን፣ የጥንቱን የቬኒስ ገዢ፣ ቤተ መንግሥት ካየ በኋላ ቲኬቱን ይጥለዋል። ያው ቲኬት ኮረር ሙዚየምንና የማርቺያናን አዳራሾችም ያስገባል። እንዳትጥሉት።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ። ከጣልያን ጋር ያለንን ታሪክ ለልጆቻችን የምንነግረው ከዓድዋና ከአምስቱ ዓመት ወረራ ነው። መነገርም አለበት፤ ማንም እንዲያለዝበው አልፈልግም። ነገር ግን ከዓድዋ በፊት አራት መቶ ዓመት የሚበልጥ ሌላ ታሪክ አለ። ያኔ ኢትዮጵያዊው ሮም የሚገባው እንደ እንግዳ፣ እንደ መምህር ነበር። ቋንቋውን ሊማሩ የሚመጡት እነሱ ነበሩ። ይህን የማያውቅ ወጣት ፍሎረንስ ሄዶ የራሱን ንጉሥ ከጭንቅላቱ በላይ አድርጎ፣ ሳያይ ያልፋል። እኔ ይህ ይቆጨኛል።

ስለዚህ የጉዞ ዓምዳችሁ ስለነዚህ ቦታዎች ደግማችሁ እንድትጽፉ እጠይቃለሁ። ወደ ኢየሩሳሌምና ወደ ሮም ተሳላሚ የሚወስዱ አስጎብኚዎች ደግሞ ለቅዱስ እስጢፋኖስ አንድ ጠዋት ቢመድቡ፣ ፈቃዱንም በቡድን ቀድመው ቢጠይቁ መልካም ነው። ለብቻው ለሚሄድ ሰው ማስፈቀዱ ያስቸግራል፤ ሰው የሚያውቅ ወዳጅ ባይኖረኝ እኔም በሩን አላየውም ነበር።

ሌላው በአማርኛ የተጻፈ ትንሽ መምሪያ ነው። ከጓደኛዬ ጋር በባቡር ስንመለስ የተነጋገርነው ስለዚህ ነው። አሥራ ስድስት ገጽ ይበቃዋል። ያ ማለት ታጥፎ የሚሰፋ አንድ ትልቅ ወረቀት ነው፤ ወጪው ብዙ አይደለም። የት እንደሆነ፣ ማን እንደሆነ፣ በየትኛው በር እንደሚገባ፣ ኡፊዚ ሰኞ ዝግ እንደሆነ። የገጹን ሥራ እኔ በነጻ እሠራለሁ። ጥራዙን ጓደኛዬ በእጁ ሊሰፋው ቃል ገብቷል፤ መርፌውና ክሩ ዛሬም ቤቱ አለ። የሚጎድለን ጽሑፉን የሚያሰናዳ የታሪክ ሰው ነው። ከአንባቢዎቻችሁ መካከል ፈቃደኛ ካለ በጋዜጣችሁ በኩል መልስ እንዲሰጠኝ እለምናለሁ። መምሪያው ለሚቀጥለው ጥቅምት ቢደርስ ጓደኛዬ ተርሚኒ ላሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ያዳርሰዋል።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

ጡረታ የወጣ ፊደል ለቃሚ
ጉለሌ፣ አዲስ አበባ